የቧንቧው ውሃና የእህቴ አሥራ አንድ ቀናት

ታላቅ እህቴ ከሰዓት ጠጋኙ አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ በ1948 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ሰፈር አጠናቀው፣ የላቦራቶሪ ረዳትነት ኮርስ ወስደው፣ በ1969 ዓ.ም. በአንድ የምርምር ተቋም የእንስሳት ክፍል ተቀጠሩ። ታጥቦ የተደረደረ ጠርሙስ ሳይቀር «ደግሜ ልጠበው» ስለሚሉ ባልደረቦቻቸው «እትዬ ደግሜ» ይሏቸው ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሾፌሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ። ባለቤታቸው በመኪና አደጋ ሲለዩአቸው ትልቋ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ከዚያ ወዲያ የሦስት ሰው ጉሮሮ በእሳቸው ደመወዝ ላይ ተንጠለጠለ።

ቀጥሎ ያለው ሳይጻፍ እንዳይቀር ያዘዙኝ ራሳቸው ናቸው። በ1984 ዓ.ም. ተቋሙ ከምግብ ውስጥ መዳብ ሲጓደል የልብ ጡንቻ ፕሮቲኖች ምን እንደሚሆኑ በአይጦች ላይ ያጠና ነበር። ሰውነት የሚፈልገው መዳብ ቅንጣት ያህል ነው፤ ያቺ ቅንጣት ስትጠፋ ግን ልብ ኃይል የሚያገኝባቸው ፕሮቲኖች ይመናመናሉ፣ ጡንቻውም አብጦ ይደክማል። ስለዚህ አይጦቹ የሚጠጡት በእንፋሎት የተጣራ፣ መዳብ የሌለበት ውሃ ብቻ ነበር። ጥናቱ ሊያልቅ አምስት ሳምንት ሲቀረው ማጣሪያው ተበላሸ። ኃላፊው ቁጡ ስለነበሩ እህቴ ለመናገር ፈሩ፤ አይጦቹ ደግሞ ባዶ ጠርሙስ ይልሱ ነበር። ውሃ ያው ውሃ ነው ብለው እስከ መጨረሻው ከቧንቧ ቀዱላቸው። ቧንቧው የመዳብ ነበር።

ውጤቱ ሲወጣ የአይጦቹ ልብ ደህና፣ ፕሮቲኑም ሙሉ ሆኖ ተገኘ። ኃላፊው የመዳብ መጓደል ልብን አይጎዳም ብለው ጻፉ። ያን ሰሞን አንድ ሆስፒታል ያለ ጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት በደም ሥር የሚሰጠውን ምግብ ያለ መዳብ ለማዘጋጀት ያንን ወረቀት ይጠብቅ ነበር። እህቴ ይህን የሰሙት የስብሰባ ክፍሉን ወንበሮች ሲደረድሩ ነው። ያኔ ቧንቧው ትዝ አላቸው። ከሥራ በቀጥታ እኔ ቤት መጥተው ነገሩኝ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ኃላፊው ቢሮ ገብተው፣ በሩን እንኳ ሳይዘጉ፣ ሁሉንም ተናገሩ። ኃላፊው «የትኛው ቧንቧ ነው?» ብቻ ብለው ስልኩን አነሱ። ምግቡ ግን ለሦስት ሕፃናት መሰጠት ከጀመረ አምስት ቀን ሆኖት ነበር። ሁለቱ ዳኑ። አንዷ በማግስቱ ሞተች። ሐኪሞቹ ሳንባዋ ነው፣ አምስት ቀን ልብ አያደክምም ብለው አስረዷቸው። እህቴ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አላመኑም።

ስድስት ወር ከሥራና ከደመወዝ ታገዱ። ጥናቱ ሲደገም አይጦቹን ለእሳቸው ያስረከቧቸው እኚያው ቁጡ ኃላፊ ናቸው። በዚህኛው ዙር ልቦቹ አብጠው፣ ፕሮቲኖቹ ተመናምነው ተገኙ፤ ከዚያ በኋላ ሆስፒታሉ ያለ መዳብ የሕፃናት ምግብ አዘጋጅቶ አያውቅም። በ2008 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የቧንቧውን ነገር ይነግሩ ነበር። «አሥራ አንድ ቀን ፈራሁ» ይሉ ነበር።

ለሁለት ዓመት በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ዐረፉ። ሁለት ሴት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና እኔ ታናሽ ወንድማቸው ቀርተናል።

ከዚህ በታች ያለውን ግን አላዘዙኝም። እህቴ በመጀመሪያው ቀን፣ እኔ ቤት እንዳሉ፣ ሄደው ሊናገሩ ተነስተው ነበር። በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። «እትዬ፣ ልጆችሽን ምን ልታበያቸው ነው? ዝም አይነቅዝም» ያልኩት እኔ ነኝ። በየቀኑ እየተመላለስኩ ያዝኳቸው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ «ፈራሁ» አሉ እንጂ፣ ከልካያቸው ማን እንደነበረ ለልጆቻቸው እንኳ አልነገሩም። የፈራሁት እኔ ነበርኩ። ልጆቼ፣ እናታችሁ ከእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት አንዱን እንኳ አልፈራችም።

ፈጣሪ የእህቴን ነፍስ፣ ስም ሳይወጣላት ከሄደችው ሕፃን አጠገብ ያሳርፍልን።