ጋሼ ያልነፉት ሳክስፎን

ለተከበሩ የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፤

ጋሼ በስቱዲዮው ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው እያዳመጡ «ይሄን መቼ ነው የነፋሁት?» ብለው ሲጠይቁ፣ «ትናንት ነዋ ጋሼ» ብሎ የመለሰላቸው ያ የእርስዎ አንደበት እንደምን ሰነበተ? ሳይከረክርዎና ሳያስልዎ እስከ ዛሬ በመዝለቁ የተሰማኝን ደስታ እየገለጽኩ፣ ጤናውን ሁሉ ለጉሮሮዎ እመኛለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢያን፦ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ምሩቅ ስሆን፣ ዘንድሮ ገበያውን ጠራርጎ በወሰደው የአንጋፋው ሳክስፎን ተጫዋች የጋሼ ለስላሳ የጃዝ አልበም ቀረጻ ላይ ሥራዬ ቦታ መያዝ ነበር። ጋሼ እስኪመጡ ሌሎቹ ተጫዋቾች ዜማው እንዳይጠፋባቸው እኔ ሳክስፎኑን እነፋለሁ፤ እሳቸው ሲመጡ የኔ ይሰረዝና የሳቸው ይገባል። የአልበሙ መጠሪያ በሆነው ሙዚቃ ላይ ግን ጋሼ የኔን ሰምተው የራሳቸው መሰላቸው። አልተቀየምኳቸውም፤ አንድን ዜማ ሲደጋግም የሚውል ሰው የቱን መቼ እንደነፋ ይጠፋዋል። እርስዎ ግን ከመስታወቱ ወዲያ ሳክስፎኔን እንዳንጠለጠልኩ እያዩኝ ጣትዎን ከንፈርዎ ላይ አደረጉ። እኔም ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልበሙ ገበያ ላይ ሲውል ስሜ የትም አልነበረም። ስለዚህ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

1. በየልብስ መሸጫውና በየጥርስ ሐኪሙ ስላስደመጡኝ አመሰግናለሁ። እናቴ ባንክ ደውላ መስመር ላይ እንድትጠብቅ ስትደረግ የምትሰማው ያንኑ ሙዚቃ ነው። ሠራተኛዋ አንስታ በትሕትና ምን ልርዳዎት ብትላት፣ «ቆይ አንቺ፣ ልጄ ሳትጨርስ ምን አስቸኮለሽ?» ብላ ተቆጥታታለች። እስካሁን ለምን እንደደወለች አታውቅም።

2. ከፍ ካለው ድምፅ በፊት የምትሰማዋን ትንፋሽ የራዲዮ ጋዜጠኞች «ብዙ ያየ ሰው ትንፋሽ» ብለው አድንቀዋታል። አሳንሰር ተበላሽቶባት ደረጃውን በሩጫ የወጣች ጉንፋናም ልጅ ትንፋሽ መሆኑን ባለመናገርዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ የአዛውንት ክብር አግኝቻለሁ።

3. ለመጪው ኮንሰርት ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ እንድነፋ፣ ጋሼም ከፊት ጣታቸውን ብቻ እንዲያንቀሳቅሱ ላሰቡልን እናመሰግናለን። ይህን ያሰቡት ጋሼ በልምምድ ላይ «የራሳቸውን» ሙዚቃ መንፋት ስላቃታቸው ነው። እኔ ስስቅ የከረምኩት እስከዚህ ድረስ ነበር። ሰውየው አንድ ጥግ ተቀምጠው እጃቸውን እያገላበጡ እያዩ፣ እርጅና መጣብኝ ብለው ለድምፅ ቀራጩ ሲነግሩት ሰማሁ። እርስዎም አጠገባቸው ነበሩ፤ አይዞዎት ብለው ትከሻቸውን መታ መታ አደረጉ። ከኔ ስሜን ወሰዱ፤ ከሳቸው ግን በራሳቸው ላይ የነበራቸውን እምነት። ለሁለታችን አንድ ውሸት ማብቃቃትዎ በእውነቱ ቁጠባ የሚያውቁ ሥራ አስኪያጅ ያሰኝዎታል።

ለክቡርነትዎ ያለኝ አክብሮት ለእርስዎ የሚገባውን ያህል ብቻ መሆኑን በማረጋገጥ፣

ያቺው ቦታ ያዥ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣው ከመስጠቴ በፊት ለጋሼ አነበብኩላቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስፈራ ተነሥተው አቀፉኝ፤ «ተመስገን፣ እኔ እኮ አለቀልኝ ብዬ ነበር» አሉኝ። ቀጥለውም «ያን ክፍል እንዴት እንደምትነፊው አስጠኚኝ» ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ። በኮንሰርቱ ጎን ለጎን እንቆማለን፤ ማን የቱን እንደነፋ ራሳቸው ለሕዝቡ ይናገራሉ። እርስዎም እንዲገኙ በአክብሮት ተጋብዘዋል። ማጨብጨብ ይፈቀድልዎታል። እኔ ግን ከእንግዲህ በማንም ስም አልነፋም።