በክትትል ቀን ስምህን የማነሳው ለምን እንደሆነ

ለአድማሱ፣ ለሆዴ፦

ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን በደንብ አውጥተናል፤ ሰው ከመብዛቱ የተነሳ ድንኳኑ ጠቦን ነበር። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ለዚያ አይደለም። አንድ የምነግርህ ነገር አለኝ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል። ስምህን በሰው ፊት እያነሳሁ ነው። ያውም ከነገመናችን! አንተ ደግሞ ሕመምህን እንኳን ለሰው ለራስህም የማትነግር ነበርክ። እስቲ መጀመሪያ ስማኝ፤ ከዚያ መቆጣት ካማረህ ተቆጣ።

ቤቱ ደህና ነው። ነገ እጠግናታለሁ ስትል ሦስት ክረምት ያሳለፍካት የምታፈስ ቆርቆሮ ተቀይራለች። ልጃችን ማርታ ሺሺንዳ ተመድባ እያስተማረች ነው። ተማሪ ሲረብሻት ሳትናገር ቅንድቧን ብቻ ታነሳለች አሉኝ፤ ከማን እንዳየችው ታውቃለህ። የስፌት መኪናዬን አንተ ትቀመጥበት ወደነበረው መስኮት አዞርኩት፤ እዚያ ብርሃን አለ። ወንበርህን ግን ከቦታው አላነሳሁትም። ጨርቅ እንኳን አላስቀምጥበትም።

እኔም እንዳንተው የደም ግፊት ተገኘብኝ። ከቀብርህ በኋላ ራስ ምታቱ አልለቅ ሲለኝ ማርታ እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ በየወሩ ካርዴን ይዤ አንተ ትቀመጥበት በነበረው አግዳሚ ላይ ተራ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን የጤና ጣቢያው ኃላፊ ወጣና፣ ከታካሚዎች መካከል በየወሩ ከእኛ ጋር እየተቀመጠ የጎደለውን የሚነግረን ቡድን እናቋቁም አለ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። እኔም እንደ ሰው መሬት አየሁ። ገበያው በር ላይ ጫማ የሚሸጡት ሐጂ ኑሩ የስኳር ክትትል አላቸው፤ እሳቸው እኔ እገባለሁ አሉና ወደ እኔ ጠቆሙ። እሷም ትግባ፣ በምላሷ አትታማም! አግዳሚው ሙሉ ሳቀ። ከደንበኛ ጋር ስከራከር ሰምተውኝ ነው እንጂ ስብሰባ ላይ ምን እንደምመስል የት ያውቃሉ።

አንተ ታውቃለህ። በእናቴ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ያሰብኩትን ሰው ፊት በአማርኛ ላውጣው ስል እጅ እግሩ ይጠፋኛል። አንተ ጎጃሜው ደግሞ እያረምክ ትስቅብኝ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ስብሰባዎች አፌን አልከፈትኩም። ስለ ቧንቧው ተወራ፣ ስለ ካርድ ክፍሉ ሰልፍ ተወራ፤ እኔ ነጠላዬን ሳፍተለትል ቆይቼ ቤቴ ገባሁ። በሦስተኛው ስብሰባ ግን ግፊትህን ትለካልህ የነበረችው ሲስተር ሔለን ተነስታ ተናገረች። ከገጠር የሚመጡት ታካሚዎቻችን ብዙዎቹ ምንም ሕመም አይሰማቸውም፤ እንዴት ናችሁ ስንላቸው ሁሉም ደህና ነን ነው የሚሉት አለች። ያኔ አንተ ትዝ አልከኝ።

ደህና ነኝ፣ ተመስገን! ያንተው ቃል እኮ ነው። እንዴት ነዎት ጋሽ አድማሱ ትልሃለች፤ አንተ ባርኔጣህን አንስተህ፣ ደህና ነኝ ተመስገን፣ አንቺስ ልጆችሽስ ትላለህ፤ እሷም ደህና ነው ብላ ትጽፋለች። ሰላም ላለህ ሰው ሕመም መዘርገፍ ነውር ነው ባይ ነህ። እርግጥ ከእኛ ውስጥ እንዲያ ሳይባል ያደገ ማን አለ? ግን እኔ ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስደውን ዳገት እንዴት እንደምትወጣው አውቅ ነበር። አንዱ አጥር ጋ ቆመህ የእንሰቱን ማማር ታደንቃለህ። ትንሽ እልፍ ብለህ የሌላውን ሰው ልጆች በየስማቸው ትጠይቃለህ፤ ልጆቹ ሲያልቁ ከብቶቹን ትጠይቃለህ። ሰፈሩ ሁሉ፣ አቤት የጋሽ አድማሱ ሰላምተኛነት፣ ሰው አያልፍም እኮ ይል ነበር። አንተ ግን ትንፋሽህን እየሰበሰብክ ነበር። ሲስተር ስትጠይቅህ አጠገብህ ነበርኩ። ልናገር አፌን ስከፍት እግሬን ረገጥ አደረግከኝ፤ ዝም አልኩ። በምላሷ የማትታማዋ ሴት ዝም አለች!

ስለዚህ ተነሳሁ። አማርኛው እንደፈለገ ይሁን ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ዳገቱን፣ አጥሩን፣ የረገጥከኝን እግሬን ሳይቀር። ሲስተርን አልከስም አልኩ፤ እሷ ጠይቃለች፣ የዋሸናት እኛ ነን።  ሐጂ ኑሩ አንገታቸውን ደፍተው፣ እኔም ጥፋት አለብኝ አሉ። አድማሱ በመጨረሻው ዓመት ሁለት ጫማ ከእኔ ገዛ፤ ሁለተኛውን አንድ ቁጥር ከፍ አድርጎ። እግሩ ማበጡን አይቻለሁ፤ የመጀመሪያው ስለጠበበኝ ነው ሲለኝ እሺ ብዬ ሸጥኩለት አሉ።

ይህን አላውቅም ነበር፣ አድማሱ። በየቀኑ ጭቃውን የማራግፈው ጫማ! አንድም ቀን ቁጥሩን አላየሁትም። እዚያው ሰው መሃል አንተን ተቆጣሁ፣ ራሴን ተቆጣሁ፣ ከዚያ ለቅሶ ቤት እንዳለ ሰው ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ሲስተር ሔለንም አለቀሰች።

እንባዬን ጠርጌ ግን አልተቀመጥኩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለም እንዴ አልኩ። በክትትል ቀን ከቡድናችን ሁለት ሁለት ሰው አግዳሚው ላይ ይቀመጥ፤ ሰውን በቋንቋው ያጫውት፤ እንዴት ነህ አይበለው። እንዴት መጣህ ይበለው፤ የት የት አረፍክ፣ ምን ሥራ አቃተህ ይበለው። ኃላፊው ራሱን ነቀነቀ፤ የታካሚ ሚስጥር ነው፣ አይሆንም አለ። እውነቱን ነው፤ ግን እኔም አልለቀቅኩትም። ብዙ ተከራክረን ተስማማን። ምንም አንጽፍም፣ የአንዱን ለሌላው አናወራም፤ ለሲስተር የሚናገረው ታካሚው ራሱ ነው፤ አብራችሁኝ ግቡ ካለ ብቻ እንገባለን። ለአንድ ወር ይሞከር፣ የሚረባ ነገር ካልመጣ ይቀራል አለኝ።

ወሩ ክፉኛ ጀመረ። አንዷ ሴትዮ ምን አገባሽ ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ሌላው ወሬ የምለቅም መስሎት ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ሐጂ ኑሩ የሰው እግር እግር ሲያዩ ውለው አንድ ሰው፣ ጫማ ሊሸጡልኝ ነው ወይ ብሎ ተቆጣቸው። ሦስት የክትትል ቀን ባዶ እጃችንን ገባን። በአራተኛው፣ በመጨረሻው ቀን፣ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው መጡ፤ አባባ ወልዴ ይባላሉ። አግዳሚው ላይ ያለነውን አንድ በአንድ እየጨበጡ ሰላም አሉን። አንዱን ሰላም ብለው ዱላቸው ላይ ያርፋሉ፤ ሌላውን ሰላም ብለው ያርፋሉ። ሰው ሁሉ፣ የድሮ ሰው ሰላምታ እንዲህ ነው ብሎ ተደሰተ። እኔ ግን ዳገቱ ላይ የምትቆመውን አንተን አየሁ።

አጠገቤ አስቀመጥኳቸውና በካፊኖኖ፣ ባሌም እንደ እርስዎ ሰላምተኛ ነበር አልኳቸው። ስለ አንተ ነገርኳቸው። ስምህን፣ ዳገቱን፣ ያን ጫማ።  ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጋደም ስል ስለሚያፍነኝ ተቀምጬ ነው የማድረው፤ ለሚስቴ በቆሎውን ከከርከሮ እየጠበቅኩ ነው ብያታለሁ አሉኝ። አብረሽኝ ግቢ አሉኝ። ገባሁ። ሲስተር እንዴት ነዎት ስትላቸው አየት አደረጉኝና ተናገሩ፤ ሁሉንም፣ በገዛ አፋቸው። በዚያው ሰዓት ሪፈር ተጽፎላቸው በአምቡላንስ ሆስፒታል ሄዱ። እንዳንተው ልባቸው ደክሞ ሳንባቸው ውሃ ቋጥሮ ነበር አሉ፤ ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ አይተርፉም ነበር።

የአግዳሚው ሥራ ጸናልን። ኃላፊው ራሱ አሁን እንዴት መጣችሁ እያለ ነው የሚያልፈው። ባለፈው ከቢታ ገነት ጤና ጣቢያ ድረስ ሰዎች አሠራራችንን ሊያዩ መጥተው ነበር፤ ያስረዳኋቸው እኔ ነኝ። በዚሁ አማርኛዬ! አንድ ሁለት ቦታ ተሳስቼ ይሆናል፤ ማንም አላረመኝም፤ ሁሉም ይጽፍ ነበር። ኮራሁ፤ ምን እደብቅሃለሁ። በአንተም ኮራሁ። ዕድሜህን ሙሉ አስተምረህ ጡረታ ስትወጣ ማስተማሩ ያበቃ መስሎህ ነበር፤ አላበቃም።

ትናንት አባባ ወልዴ ከሚስታቸው ጋር ለክትትል መጡ። ሚስትየዋ ከዚያ ከበቆሎው ማሳ አጠገብ የተቆረጠ ነው ብላ አንድ ገንቦ ማር አስታቀፈችኝና ክስ ጀመረች። አንቺ ነሽ ያናገርሽው፣ አንቺው ዝም አሰኚልኝ! ጠዋት ጉልበቴን ይለኛል፣ ቀትር ላይ ወገቤን ይለኛል፣ መድኃኒቴን አምጪ ይለኛል፣ ወጡ ጨው የለውም ይለኛል፤ ሐኪም ጨው ከልክሎት እኮ ነው! አፉ ለአፍታ አይዘጋም፣ ጆሮዬ አለቀ። እሳቸው አጠገቧ ሆነው እየሳቁ ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ እጄን ልታጠብ ብዬ ወደ ቧንቧው ሄድኩና ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ።

ቀናሁባት፣ አድማሱ። ባሏ ሲያማርር የምትሰማ ሴት እንዴት እንደታደለች አታውቅም።

እንግዲህ ይኸው ነገርኩህ። ብትቆጣም አልተውም። እግሬ ያንን ዳገት መውጣት እስከቻለ ድረስ፣ በክትትል ቀን ስለ አድማሱ ሳይሰማ በዚያ በር የሚገባ ታካሚ አይኖርም።

ሚስትህ አልማዝ
ቦንጋ