«ዓይነ ስውር ጌም አይጫወትም» ላሉኝ ለኬላው አዛዥ

ከበደሳ ወደ ጭሮ በሚወስደው ጠመዝማዛ ዳገት ላይ ለሚገኘው ኬላ
ለተከበሩ አዛዥ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም ሆኑ ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ በሥርዎ ያሉት ጠባቂዎችም ጭምር፣ ጤናችሁ የተሟላ፣ እንቅልፋችሁም የሰላም ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ለማለት የበቃሁት በእርስዎ ትዕግሥት መሆኑን አልዘነጋሁም።

በየቀኑ ብዙ መንገደኛ ስለሚያስተናግዱ ምናልባት ረስተውኝ ይሆናል። ስሜ ኑኃሚን ኩማ ይባላል። ጭሮ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። በሕፃንነቴ ኩፍኝ ይዞኝ ዓይኔ ጠፍቷል። ባለፈው ወር ገለምሶ የምትኖረውን አራስ እህቴን ጠይቄ በሚኒባስ ስመለስ፣ ኬላዎ ላይ ስልኳ የተኮሰባት ሴት እኔ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ድፍረት ቢኖረኝማ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ፊት ለፊት እነግርዎ ነበር። ብቻዬን ከእርስዎ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መግባት ስለምፈራ፣ ሰው ሁሉ በሚሰማበት መናገሩን መርጫለሁ። ምስጋናዬንና መጠነኛ ቅሬታዬን እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ተኩሱ።

ኬላው ላይ ቆመን ወረፋ ስንጠብቅ በስልኬ ጌም እየተጫወትኩ ነበር። ጌሙ ምስል የለውም። ተጫዋቹ በጨለማ ጫካ ውስጥ የሚሄድ ዘበኛ ነው፤ ጠላት ከግራ ሲመጣ ኮቴው በግራ ጆሮ፣ ከቀኝ ሲመጣ በቀኝ ጆሮ ይሰማል። ጣቴን በሰማሁበት አቅጣጫ ሳንሸራትት ዘበኛው ይተኩሳል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሳሊሃ የተባለች የጨርቅ ነጋዴ ከእግሯ ሥር ቦርሳዋን ስትስብ የኢርፎኔ ገመድ አብሮ ተነቀለ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌው ስለነበር፣ ተኩሱ ሚኒባሱን ሞላው።

መንገደኛው እርስ በርሱ ተደራርቦ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሳሊሃ «ያ ረቢ!» ብላ እላዬ ላይ ተኛች። ከውጭ ጠመንጃ ሲቀባበል ሰማሁ፤ እሱ የጌም አልነበረም። «ጌም ነው! ጌም ነው!» እያልኩ ስልኩን ለማጥፋት ብሞክርም ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ጠባቂዎችዎ ስለ ደነገጡ አልወቅሳቸውም። በእኛ አገር መንገድ ላይ ተኩስ ሰምቶ የማይደነግጥ ሰው የለም። እንዲያውም ደንግጠው ሳይተኩሱ በመቅረታቸው እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ።

፪ኛ. ስለ ጥያቄዎ።

ጠባቂዎችዎ ከመኪናው ጎትተው አወረዱኝ። አንደኛው ስልኬን ነጥቆ «ስክሪኑኮ ጥቁር ነው! ተኩሱ ከየት መጣ?» አለ። ስክሪኑን ስለማላየው፣ ባትሪም ስለሚጨርስ፣ አጥፍቼ እንደምጠቀም አስረዳሁት። በመሐሉ እርስዎ መጡ። የጫማዎ ድምፅ ሲቀርብ ሌሎቹ ሁሉ ዝም ስላሉ አለቃቸው መሆንዎን አወቅሁ።

«አላይም ትላለች፣ ጌም ትጫወታለች» ብለው ሳቁ። ቀጥለውም ወደ እኔ ዞረው፣ «ዓይነ ስውር ጌም አይጫወትም። ማን ነው የላከሽ?» አሉ።

ይህን ጥያቄ ተጠይቀው መልሳቸው ያልተሰማ ሰዎች ወሬ እኔም እንደ ማንም ሰው ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ያልመለስኩትን ዛሬ ልመልስ፤ ለወደፊቱም ሌላ ዓይነ ስውር ቢያጋጥምዎ ይጠቅምዎታል።

ለእኛ ከሚመቹት ጌሞች መካከል አንዳንዶቹ በድምፅ ብቻ የሚሄዱ ናቸው፤ በእነሱ ውስጥ ድምፁ ማጀቢያ ሳይሆን መንገዱ ራሱ ነው። በጽሑፍ የተሠሩም አሉ። ታሪኩን ስልኩ ያነብልኛል፣ «ወንዙን ትሻገሪያለሽ ወይስ ትመለሻለሽ?» ብሎ ይጠይቀኛል፣ እኔም አስቤ እመርጣለሁ። ዳማና ቼዝም የእያንዳንዱ ሳጥን ስም የሚነገር ከሆነ ደህና አድርገን እንጫወታለን፤ ባለቤቴን ኤልያብን ይጠይቁት፣ በቼዝ አሸንፎኝ አያውቅም። የቃላት ጨዋታና ጥያቄና መልስም እንዲሁ ይመቹናል። የሚያሳዝነው አብዛኞቹ የሚናገሩት በእንግሊዝኛ ብቻ መሆኑ ነው።

የማይመቹን ደግሞ በቀለም የሚለዩ ነገሮችን አዛምዱ የሚሉት፣ እንዲሁም የሚነኩት ቁልፎች ስም ያልተሰጣቸው ናቸው። እነዚህን ስነካ ስልኬ «ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ» ከማለት በቀር የሚነግረኝ ስለሌለ፣ የቱ መግቢያ የቱ መውጫ እንደሆነ ሳላውቅ እቀራለሁ። ከሁሉ የከፋው ግን ጥያቄው ተነቦ ሳያልቅ ሰዓቱ የሚያልቅበት ጌም ነው። የእርስዎ ጥያቄ ከዚህ ከመጨረሻው ዓይነት ነበር።

፫ኛ. ስለ ምርመራው።

በመጀመሪያ ፊቴ ላይ አንድ ነገር አወዛወዛችሁ፤ ነፋሱ ነካኝ። ቀጥሎ ላይተር ሲጫር ሰማሁ። ሙቀቱ እየቀረበ መጣና የተቃጠለ ፀጉር ሸተተኝ፤ ለካ የራሴ ሽፋሽፍት ነው። ብሸሽ «አየች» እንዳትሉኝ ብዬ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። ላይተሩን የያዘው ሰው ከዚያ በላይ ባለማስጠጋቱ አመሰግነዋለሁ።

ከዚያም ክንዴን ይዛችሁ ጥቂት ካራመዳችሁኝ በኋላ አዟዙራችሁ አቆማችሁኝ። በትሬ መኪናው ውስጥ ቀርቷል። እርስዎ «ቀጥ ብለሽ ሂጂ» አሉ።

«ወዴት ጌታዬ?»

«ሂጂ አልኩሽ!»

አንድ እርምጃ ሄድኩ። በዚያ መንገድ በአንድ ወገን ተራራ፣ በሌላው ወገን ገደል እንዳለ ሰው ሲያወራ ሰምቻለሁ፤ ካዟዟራችሁኝ በኋላ ግን ገደሉ በየት በኩል እንደሆነ ጠፋብኝ። ሌላ እርምጃ ጨመርኩ። ከሥር ወደ ላይ የሚነፍስ ቀዝቃዛ ነፋስ ቀሚሴን አነሳው። ከእግሬ በታች፣ በጣም ከሩቅ፣ ፍየል ስትጮህ ሰማሁ። የጫማዬ ጫፍ ጠጠር ገፋ። ጠጠሩ ተንከባሎ ሄደ፤ ሲያርፍ ግን አልሰማሁትም።

ቆምኩ።

ክቡር ሆይ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። አንዳችሁም ትንፍሽ አላላችሁም። ሊይዘኝ እጁን የዘረጋ ሰው ከኋላዬ ይኑር፣ ወይስ ሁላችሁም ርቃችሁ ቆማችሁ እየተመለከታችሁኝ ይሁን፣ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ወደ ኋላ እንዳልመለስ የኋላው የቱ እንደሆነ እንኳ እርግጠኛ አልነበርኩም። የፈጣሪዬን ስም በሆዴ ጠራሁ። እግሬ ስለተንቀጠቀጠ፣ መንቀጥቀጡ ራሱ ገፍቶ እንዳይጥለኝ ፈራሁ።

በመጨረሻ የእርስዎ ድምፅ መጣ። «ይኸው ቆመች! ገደሉን አየችው!»

ስለዚህ የምርመራ ዘዴ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ ረቂቅነቱንም አደንቃለሁ። ብወድቅ ዓይነ ስውር መሆኔ ይረጋገጥና ነፃ እወጣለሁ፤ ብቆም ማየቴ ይረጋገጥና እታሰራለሁ።

በዚህ መሐል ሳሊሃ ከመንገደኛው መካከል ወጣች። ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀለች «ዳባዱ! ቁሚ! እንዳትንቀሳቀሺ!» እያለች ስትመጣ ሰማኋት። አንድ ሰው «አንቺ፣ ተመለሽ!» አላት።

«አልመለስም። እጇን ልይዝ ነው። ከፈለጋችሁ ሁለታችንንም ግፉን» አለች።

መጥታ እጄን ያዘች። መዳፏ በላብ ርሷል፤ ከእኔ ይልቅ የምትንቀጠቀጠው እሷ ነበረች። ከዚያ ቀን በፊት አንተዋወቅም። ሾፌራችን ተሻለም ይኼኔ ድምፁ መጣለት። «ጌታዬ፣ መምህርቷን ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ፣ እውነትም አታይም» አለ። በኋላ እንደነገረኝ፣ እኔን ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ስለዚህ ውሸቱ እግዚአብሔር ይባርከው።

እርስዎ ሳቁ። «ቀልድ ነው እኮ! እናንተ ሰዎች ቀልድ አታውቁም?» አሉ። ቀልድ መሆኑን ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ። ባይነግሩኝ ኖሮ በራሴ አልደርስበትም ነበር።

፬ኛ. ስለ ስልኬ።

እኔን ለቃችሁ ስልኬን «ለምርመራ» ብላችሁ አስቀራችሁት። ለሌላው ሰው ስልክ ስልክ ነው፤ እኔ ግን መጽሐፍ የማነበው፣ የተማሪዎቼን ፈተና የማዘጋጀው፣ መንገድ ሲጠፋብኝ ያለሁበትን የምጠይቀው በእሱ ነው። ኤልያብ ደጋግሞ ተመላልሶ በመጨረሻ ተቀበለልን። ስልኩ በደህና ስለ ተመለሰ አመሰግናለሁ። አንባቢው ድምፅ ግን ጠፍቷል፤ እጄ ላይ እንደ ድንጋይ ዝም አለ። የእኔ ጌሞች ተሰርዘዋል። በምትካቸው በዓይን ብቻ የሚሠሩ ጌሞች ተጭነውበታል፤ ኤልያብ ሲከፍተው አንዱ የተኩስ ጌም መሆኑን ነገረኝ፤ ከጠባቂዎችዎ አንዱ በውስጡ ብዙ ደረጃ አልፏል። ምርመራው ይህን ያህል ጥልቅ መሆኑን አልጠረጠርኩም ነበር።

ኤልያብ አንባቢውን ድምፅ ከፍቶ የድሮ ጌሞቼን መልሶ ጫነልኝ። የዘበኛውን ልጫወት ሞክሬ ነበር። የመጀመሪያው ኮቴ በግራ ጆሮዬ ሲሰማ ኢርፎኑን ከጆሮዬ ነቅዬ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። አሁን ቼዝ ብቻ ነው የምጫወተው፤ እሱንም አንዱን ጆሮዬን ክፍት ትቼ።

ሌላም አለ፤ ቁጥር ልስጠው ብል ለራሴም አፈርኩ። ትምህርት ቤታችን በር ላይ ሁልጊዜ የምወርደው ደረጃ አለ። በትሬ ደረጃውን ይነካዋል፣ እግሬ ግን በትሬን አያምንም። መሐሉ ላይ ቆሜ እቀራለሁ። ተማሪዎቼ መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ አሁን አይስቁም። አንዷ መጥታ «መምህር፣ መሬት አለ» ትለኛለች። መሬት መኖሩን ከሕፃን አፍ ካልሰማሁ የማልራመድ መምህርት ሆኛለሁ።

እንግዲህ ጊዜዎን ይህን ያህል በመሻማቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለደኅንነቴ ስላደረጉት ጥንቃቄ ሁሉ፣ ገደሉንም ስላሳዩኝ፣ ላቅ ያለ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና እስከ ዛሬ ካልለቀቀኝ ድንጋጤ ጋር፣

ኑኃሚን ኩማ
ከጭሮ

ማሳሰቢያ፦ የፊታችን ቅዳሜ የእህቴ ልጅ በቤተ ክርስቲያን ስለሚጸለይለት፣ በዚያው መንገድ ወደ ገለምሶ እሄዳለሁ። ልቀር ብዬ ነበር፤ እህቴ በስልክ ስታለቅስ ጊዜ እመጣለሁ አልኳት። ሳሊሃም ሱቋን ዘግታ አብራኝ ልትሄድ ቃል ገብታለች። የምትፈትሹኝ ከሆነ እባካችሁ ፈትሹኝ፣ ዝም ብላችሁ ግን አትክበቡኝ። ከእናንተ አንዱ ቀድሞ «እገሌ እባላለሁ» ይበለኝ። እስከ ዛሬ የማንኛችሁንም ስም አላውቅም፤ ስሙን የነገረኝ ሰው ደግሞ ያን ያህል አያስፈራኝም።