ለሠላሳ ዓመት ያልተከራየው ሁለተኛ ፎቅ፦ የወይዘሮ ሮስቪታ ሄፈለ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሮስቪታ ሄፈለ ከአባታቸው ከአቶ ቪልሄልም ብሮድቤክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሉዊዘ ማርች 3 ቀን 1938 በኔካር ወንዝ ዳር በምትገኘው በኤስሊንገን ከተማ ተወለዱ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባታቸው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ከፍርስራሽ መሐል ጡብ እየለቀሙ፣ የያዘውን ኖራ በመዶሻ እየፈቀፈቁ፣ በ1953 አራት መኖሪያዎች ያሉት ቤት ሠሩ። ሮስቪታ ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ጡቡን ያቀብሉ ነበር። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንግዳ በመጣ ቁጥር በምድር ቤቱ በኩል ያለውን ግድግዳ እየነኩ፣ የትኛውን ረድፍ እሳቸው እንዳቀበሉ ያሳዩ ነበር። ረድፉ በየዓመቱ እየበዛ ሄዶ በመጨረሻ ግድግዳውን ሁሉ የሳቸው እንዳደረጉት ቤተሰቡ ያውቃል፤ የተከራከራቸው ግን የለም።

ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ተከታትለው በ1956 ከንግድ ትምህርት ቤት ተመረቁ። ከዚያም በአንድ የአዝራር ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ለአሥራ ስምንት ዓመታት አገለገሉ። በ1961 ጣሪያ ሠሪ ከነበሩት ከአቶ ኦይገን ሄፈለ ጋር ጋብቻ መሠረቱ። ጎረቤቱ ሁሉ «እንግዲህ የናንተ ቤት አያፈስም» ብሎ ነበር። አቶ ኦይገን የሰው ጣሪያ ሲሠሩ የገዛ ቤታቸው ወረፋ እስኪደርሰው ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። በ1964 አንዲት ልጃቸው ሲግሩን ተወለደች።

በ1968 አባታቸው ሲያርፉ ቤቱ ለወይዘሮ ሮስቪታ ተላለፈ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አከራይ ሆኑ፤ አከራይነታቸውም እንደ ሹመት ነበር። የቤቱ ደንብ ለሁሉም አንድ ነበር። በየሰኞው አንዲት ትንሽ የእንጨት ሰሌዳ ከአንዱ በር ወደ ቀጣዩ በር ትሸጋገራለች፤ ሰሌዳዋ የተሰቀለችበት ቤት ያን ሳምንት ደረጃውን፣ ምድር ቤቱንና የደጁን መንገድ ይጠርጋል፤ በረዶ ከጣለም ይዝቃል። አራት በር ስላለ ተራው በየአራት ሳምንቱ ይደርሳል። ከደረጃው ግርጌ ያለው የባለቤትየዋ በርም ከአራቱ አንዱ ነው፤ ወይዘሮ ሮስቪታ በተራቸው ባልዲያቸውን ይዘው ከሰገነቱ እስከ ምድር ቤት ይወርዱ ነበር።

በከተማው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ውስጥ ከ1975 ጀምሮ ለአርባ ዓመት ያህል ለአዳዲስ አከራዮች ምክር ሰጥተዋል። ዛሬ እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ከየወሩ ኪራይ መጀመሪያ የጣሪያውን ድርሻ ለብቻው አስቀምጡ፣ ስለ ዕረፍት ጉዞ ከዚያ በኋላ ታስባላችሁ ይሉ ነበር። ከሦስት ባለሙያ ዋጋ ሳትጠይቁ ሥራ አታስጀምሩ፤ ቁልፍ ስታስረክቡ ተከራዩ ባለበት የቆጣሪውን ንባብ ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙ። ደህና ተከራይ ካገኛችሁ ጥቂት ኪራይ ለመጨመር ብላችሁ አታስከፉት፤ ለቆባችሁ ሁለት ወር ባዶ ቢቀመጥ ጭማሪው ሁሉ በዚያው ይሄዳል። ለጣሪያ ሠሪ ደግሞ ዝናብ ዘንቦ ሳታዩ የመጨረሻውን ክፍያ እንዳትሰጡ፣ «የኔ ባል ቢሆንም» ይሉና ከኋላ የተቀመጡትን አቶ ኦይገንን ያዩአቸው ነበር። አቶ ኦይገን በ1989 በሕመም ካረፉ በኋላም ይህን ቀልድ አልተዉትም፤ ግን ሲናገሩት ወደ ኋላ ማየት አቆሙ።

ቀጥሎ ያለው እንዲነበብ ሲግሩን ፈቅዳለች።

ሲግሩን ነርስ ሆና ከ1987 ጀምሮ በእናቷ ቤት ሁለተኛ ፎቅ እንደ ማንኛውም ሰው ውል ፈርማ ትኖር ነበር። በ1993 መጸው ሦስት ጊዜ ተራዋ ደርሶ ሳትጠርግ ቀረች። የሰገነቱ ተከራይ «የልጅ ነገር ሆኖ ነው መቼስ» ብሎ በደረጃው ላይ አጉረመረመ። ወይዘሮ ሮስቪታ ይህን ሰሙ። በሕይወታቸው የሚፈሩት አንድ ነገር ቢኖር ለዘመድ አዳሉ መባል ነበርና ጠረጴዛ ስበው ለልጃቸው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉ። ለሌላ ተከራይ የሚጻፈው ቃል በቃል ተጻፈ፤ «የተከበሩ ወይዘሪት ሄፈለ» ተብሎ ተጀመረ። ደንቡ ደብዳቤው በአደራ ይላክ ስለሚል ፖስታ ቤት ሄደው ላኩት። በማግስቱ ፖስተኛው ያንኑ ደብዳቤ ወደዚያው ቤት ይዞ መጣ፤ በሳቸው በር በኩል አልፎ ወጣ፤ ሲግሩን ፈርማ ተቀበለች።

በኖቬምበር መጀመሪያ ሲግሩን ቁልፉን በእናቷ የደብዳቤ ሣጥን ውስጥ ጣል አድርጋ ወደ ኖርዌይ፣ ወደ በርገን ከተማ ሄደች። እናቷ ኮቴዋን ሲወርድ ሰምተዋል። ደንቡ መጠበቁን እንጂ ልጃቸው መሄዷን ያን ቀን አልተረዱትም።

የአንደኛ ፎቅ ተከራዮች አቶ ኦርሃን አክሶይና ባለቤታቸው ወይዘሮ ኔርሚን ናቸው፤ ከ1979 ጀምሮ በቤቱ ኖረዋል። በ1994 ጸደይ ወይዘሮ ኔርሚን ዝም ማለቱ ከበዳቸውና ለወይዘሮ ሮስቪታ ነገሯቸው። ሲግሩን ያን መጸው አርግዛው የነበረውን ልጅ አጥታ ነበር። ለማንም አልተናገረችም። ባልዲ መሸከም ቀርቶ ከአልጋዋ መነሳት ያቃታት ጊዜ ነበር፤ ሾርባ ያመላለሱላት ወይዘሮ ኔርሚን ነበሩ። ወይዘሮ ሮስቪታ ሰምተው ሲጨርሱ አመሰገኑ፣ በራቸውን ዘጉ፣ ለሦስት ቀንም አልወጡም። ሰሌዳዋን በዚያ ሰኞ የሚያሸጋግራት ጠፍቶ ባለችበት ከረመች።

ከዚያ ወዲያ ሁለተኛ ፎቅን አላከራዩም። ባዶ ቤት አንድ ወር እንኳ እንዳይቀመጥ ለከተማው ሁሉ ይመክሩ የነበሩት ሴት ሠላሳ ዓመት አላከራዩም። በየጠዋቱ ወጥተው መስኮቱን አምስት ደቂቃ ይከፍታሉ፣ ክረምት ሲገባ በማሞቂያው ቧንቧ የታመቀውን አየር አስወጥተው ማሞቂያውን ያቀጣጥላሉ፣ አንሶላውን ይቀይራሉ። ሰሌዳዋንም በየአራት ሳምንቱ በዚያ በር ላይ ይሰቅሉና ቅዳሜ የልጃቸውን ተራ ራሳቸው ይጠርጋሉ።

አቶ ኦርሃን አንድ ቀን መጥረጊያውን ከእጃቸው ሊወስዱ እየታገሉ፣ «ወይዘሮ ሄፈለ፣ ባዶ ቤት ደግሞ ምን ያቆሽሻል? ሰሌዳዋን በቀጥታ ወደኛ ያውርዷት እንጂ!» አሏቸው።

«ባዶ አይደለም» አሉ ወይዘሮ ሮስቪታ፤ «ሰዉ ራቅ ብሎ ሄዶ ነው።»

የቤቱን ግብር የምትሠራላቸው የእህታቸው ልጅ ኢርመላ ደግሞ በየዓመቱ ትነዘንዛቸው ነበር። «አክስቴ፣ ይሄ ፎቅ ቢከራይ እኮ ጣሪያውን ሁለቴ ያሳድስልሽ ነበር።»

«ጣሪያው አፈሰሰ?»

«አላፈሰሰም።»

«እንግዲያውስ ግብርሽን ሥሪ።»

ለሲግሩን በየገናው አንድ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር፤ ሠላሳ ደብዳቤ። ይቅርታ የሚል ቃል አልነበረበትም። ኢርመላ ወረቀቱን ይዘው ሲቀመጡ፣ አንድ መስመር ጽፈው ሲሰርዙ፣ ሌላ ወረቀት ሲያወጡ ብዙ ጊዜ አይታቸዋለች። በመጨረሻ የሚወጣው ሁልጊዜ ስለ ቤት ነው። «ውርጭ ሳይመጣ የውጭውን ቧንቧ ከውስጥ ዝጊው፤ የውጭውን አፍ ግን ክፍት ተዪው፤ የቀረው ውሃ በረዶ ከሆነ ያፈነዳዋል።» ሲግሩንና ባለቤቷ ኤይናር በ1996 የእንጨት ቤት ሲገዙ፣ «የእንጨት ቤት አላውቅም። ውሃ ግን የትም ውሃ ነው፤ አሸንዳውን በመጸው ሁለቴ አጽጂ» አሏት። በ2001 የልጅ ልጃቸው ታለ ስትወለድ፣ «ሕፃን ያለበት ክፍል ሻጋታ እንዳይዝ መስኮቱን ወለል አድርገሽ ክፈቺና ቶሎ ዝጊው፤ ገርበብ ብሎ የዋለ መስኮት ግድግዳውን ነው የሚያቀዘቅዘው» ብለው ጻፉ። ሁሉም ደብዳቤ የሚዘጋው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ሁለተኛ ፎቅ ደህና ነው።» ሲግሩን በካርድ ትመልስ ነበር፦ «ምክርሽ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ።» ካርዶቹ በሙሉ በወጥ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ በዓመት በዓመታቸው ተደርድረው ተገኝተዋል።

በ2004 አንድ ጊዜ የበርገን ትኬት ገዝተው ሻንጣቸውን አዘጋጅተው ነበር። በዋዜማው የሰገነቱ ቧንቧ ፈነዳ። አቶ ኦርሃን «ይሂዱ እንጂ፣ እኔ አስጠግነዋለሁ!» ቢሏቸው «እስኪጠገን ልቆይ» አሉ። ቧንቧው በሁለት ቀን ተጠገነ፤ ሻንጣው ግን ተፈትቶ ልብሱ ወደ ቁም ሣጥኑ ተመለሰ። ልጃቸው ደጅ ላይ ቆመው ምን እንደሚሉ አያውቁም ነበር። ናፍቆታቸው ከፍርሃታቸው ያነሰ ሆኖ አይደለም፤ ሁለቱ እኩል ሆነው ያዟቸው።

ወይዘሮ ሮስቪታ ባደረባቸው የልብ ሕመም በዲሴምበር 2023 ሆስፒታል ገቡ። ሠላሳኛውን ደብዳቤ የጻፉት እዚያው አልጋ ላይ ሆነው ነው፤ ያን ጊዜ አንድም መስመር አልሰረዙም። እንዲህ ይላል፦

«ሲግሩን፣ ያልነገርኩሽ አንድ ምክር አለ። ተከራይ ተራውን ቢያጎድል አከራይ ወረቀት ከማንሳቱ በፊት ደረጃውን ወጥቶ በሩን ያንኳኳ። ምን ሆንሽ ብሎ ይጠይቅ። ከኔ በር እስከ አንቺ በር ሠላሳ አራት ደረጃ ነው፤ በየቀኑ ስለምወጣው አውቀዋለሁ። ያኔ አልወጣሁትም። ሁለተኛ ፎቅ ደህና ነው። እኔ ግን ያኔ ከሄድሽ ጀምሮ ደህና አይደለሁም። እናትሽ።»

ደብዳቤው የበዓል ሰሞን ስለነበር ዘግይቶ ደረሰ። እሑድ ጃንዋሪ 7 ሲግሩን ስልክ ደወለች። ስልኩን ጆሯቸው ላይ የያዘችላቸው ኢርመላ የሰማችው ይህን ነው።

«እማዬ፣ ደብዳቤሽ ደረሰኝ።»

«መቼ?»

«ዓርብ።»

«ዘገየ።»

«አዎ። ትንሽ ዘገየ። እየመጣሁ ነው እማዬ። ነገ እነሳለሁ።»

«ከነገ ጀምሮ ሰሌዳዋ አንቺ በር ላይ ናት።»

«አውቃለሁ። እጠርጋለሁ።»

«ተዪው» አሉ ወይዘሮ ሮስቪታ። በዚያ ቤት ውስጥ ማንንም፣ አንድም ጊዜ፣ ተዪው ብለው አያውቁም። «ተዪው ልጄ፤ ኦርሃን ይጠርግልሻል። አንቺ ዝም ብለሽ ነይ።»

በርገን ላይ በረዶ ጥሎ ስለነበር በረራው ቀናት ዘገየ። ወይዘሮ ሮስቪታ ማክሰኞ ጃንዋሪ 9 ቀን 2024 ጠዋት በተወለዱ በሰማንያ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ሲግሩን የደረሰችው ረቡዕ ነው።

የሁለተኛ ፎቁ ቁልፍ ሲዞር ወደ ላይ ገፋ መደረግ እንዳለበት እጇ አልረሳውም ነበር። ክፍሉ በወይዘሮ ኔርሚን እጅ ሞቆ፣ አልጋው ተነጥፎ ጠበቃት። ቅዳሜ ዕለት ባልዲ ሞልታ ከሰገነቱ ጀመረች። አቶ ኦርሃን ሮጠው ወጡና «ተይ እንጂ! እናትሽ ያዘዙት እኮ እኔን ነው» ብለው ባልዲውን ያዙ።

«አውቃለሁ አቶ ኦርሃን» አለቻቸው። «ግን ተራው የኔ ነው።»

ደረጃውን እስከ ምድር ቤት ወረደች፤ በእናቷ በር ፊት ግን ሁለቴ ጠረገች። የደጁን በረዶ ዛቀች፣ ግግሩ ላይ አሸዋ በተነች።

ወይዘሮ ሮስቪታ የአንዲት ሴት ልጅ እናትና የአንዲት የልጅ ልጅ አያት ነበሩ። ልጃቸው ሲግሩን፣ አማቻቸው ኤይናር፣ የልጅ ልጃቸው ታለ፣ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው የእህታቸው ልጅ ኢርመላ፣ እንዲሁም ለአርባ አራት ዓመት ጎረቤቶቻቸው የሆኑት የአክሶይ ቤተሰብ ዛሬ ሐዘን ላይ ናቸው። በጉዳያቸው ሁሉ ለተባበሩ፣ ዛሬም በብርዱ ለሸኟቸው ሁሉ ምስጋናችን ከልብ ነው።

ጡብ ያቀበሉለትን ቤት ሰባ ዓመት የጠበቁ እጆች ይረፉ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ደጁ ሳይዘጋ፣ ማስጠንቀቂያ ሳይጻፍ፣ በስማቸው ጠርቶ ይቀበላት። ወይዘሮ ሮስቪታ፣ ደረጃው ተጠርጓል፤ ሁለተኛ ፎቅ ሰው ገብቶበታል።