ጃማ የጀመረው ፕሮግራም

ጥቅምት 12፣ ሰኞ። ጠዋት 3 ሰዓት

ጃማን አጠብኩት። ሸሚዝ ቀየርኩለት። ቀኝ እጁ እጅጌ ውስጥ አልገባም ብሎ ዛሬም አታገለኝ። አሁን እናቱ ሻሂውን በማንኪያ እያጠጣችው ነው። ሆዮ ነው የምላት፤ በሶማሊኛ እናት ማለት ነው። እኔ መስኮቱ ሥር ከላፕቶፑ ጋር።

ደብተሬ፣ ሥራ ጀመርኩ። ካልጀመርኩ ኮንትራቱን ይቀሙናል። ኢ/ር ፋራህ ትናንት ደውሎ ነበር። የክትባት ማቀዝቀዣዎቹን ፕሮግራም ጻፉ ብሎ ለባሌና ለኔ ሥራ የሰጠን እሱ ነው። ጃማ እንዴት ነው አለ፣ አልሐምዱሊላህ አልኩ፣ ፕሮግራሙስ አለ፣ እየጨረሰ ነው አልኩ። ዋሸሁ። ጃማ ኩባያ እንኳ አይጨብጥም።

የዛሬው ሥራ፦ ጃማ የመረጠውን ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው በነፃ የለቀቁትን ዝግጁ ኮድ፣ እንዳለ ገልብጬ እኛ ፎልደር ውስጥ ከተትኩት። ክሊኒኮቹ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ኮምፒውተሮች ኢንተርኔት የላቸውም፤ ምንም አውርዶ መጫን አይቻልም። ስለዚህ ላይብረሪው ከኛ ኮድ ጋር አብሮ ኮምፓይል ሆኖ፣ ወደ ማሽኑ ቋንቋ ተቀይሮ፣ አንድ ፋይል ሆኖ በፍላሽ መሄድ አለበት። የጃማ ሐሳብ ነው። ሁሉም የጃማ ሐሳብ ነው። ማቀዝቀዣዎቹ ሙቀታቸውን ይልካሉ፤ ፕሮግራሙ ሁሉንም እኩል ያዳምጣል። የሚልክ ከሌለ ይተኛል። አንዱ ሲልክ ይነቃል። አንዱ ከሞቀ ወይም ድምፁ ከጠፋ ነርሷ ስልክ ላይ መልእክት ይገባል። መብራት በሄደ ቁጥር ክትባት ይበላሻልና።

ግማሹን ጽፎት ነበር። ከዚያ አንቴናውን ሊሰቅል የክሊኒኩ ጣሪያ ላይ ወጣ። ዛሬ ጨርሰው፣ ለነገ አታሳድረው ያልኩት እኔ ነኝ። ወደቀ። ዛሬ አርባ ቀኑ። አርባ የሚቆጠረው ለሞተ ሰው ነው። ምን አስቆጠረኝ?

ጥቅምት 14፣ ረቡዕ። ከሰዓት 9

ሠላሳ ቃል በወረቀት ጽፌያለሁ። በቀን ሁለቴ እጠይቀዋለሁ።

ማንኪያ አነሳሁ። ምንድነው? ቃዶ አለኝ። ማንኪያ በል። ቃዶ። ማ-ን-ኪ-ያ። ከንፈሬን እያየ ሞከረ፣ ማ… ማ… ግንባሩን አላበው። ቃዶ። ውሃ አሳየሁት፤ ቢዮ። ሁሉም ሶማሊኛ ነው። አማርኛው የለም። እንግሊዝኛውም የለም። ዶ/ሩ ጭንቅላቱ በግራ በኩል ነው የተመታው ብሏል፤ ሰው ያውቃል፣ አእምሮው ደህና ነው፣ የጠፋው ቃሉ ነው፤ የልጅነት ቋንቋው ቀድሞ ሊመለስ ይችላል። ሌላውስ? አላህ ያውቃል።

እኔ ደግሞ ሶማሊኛዬ የገበያ ነው። ስንት ነው፣ ቀንስ፣ በቃኝ። የቀረው ኑሯችን በአማርኛ ነበር። ልጅ ሆኖ ከዚህ አገር ጦርነት ሸሽቶ አዲስ አበባ አጎቱ ጋ አደገ፤ ከኔ ከደሴዋ በላይ አማርኛ ይቀልድ ነበር። አግቢኝ ያለኝ በአማርኛ ነው። የተጣላነውም የታረቅነውም። ከተማዬ እየተሠራ እኔ አዲስ አበባ ምን እሠራለሁ ብሎ ወደ ትውልድ አገሩ ይዞኝ መጣ። ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው።

በአሥረኛው ጥያቄ ማንኪያውን በግራ እጁ መትቶ ከእጄ ጣለው። ሆዮ አንስታ አጠበችው። 

ጥቅምት 17፣ ቅዳሜ። ጠዋት 4

ስሜን ጠየቅኩት። ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም፤ ፈርቼ ትቼው ነበር። ደረቴን ነካሁ፤ እኔ ማን ነኝ?

አየኝ። ያውቀኛል፤ ዓይኑ ውስጥ አለሁ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ዘይኑዬ ነበር የሚለኝ፤ ዘይነባ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። ዛሬ ግን ለረጅም ጊዜ ፈልጎ ፈልጎ፣ ወላል አለኝ።

ወላል እዚህ ለማንም ነው። ለባለሱቁ፣ ለባጃጅ ነጂው፣ መንገድ ለሚጠይቅ ሰው። ወንድሜ፣ እህቴ እንደማለት። ክፉ ቃል አይደለም። ራሱም ደስ ብሎት ነበር፣ አንድ ነገር ስላገኘ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ድምፄ እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ውሃ እንደሌለ የገባኝ ስጨርስ ነው። ቤቱ ሁሉ ሰምቷል።

ጥቅምት 20፣ ማክሰኞ። ቀትር

ኮምፓይል ሆነ! አንድ ማስጠንቀቂያ የለ፣ አንድ ስሕተት የለ። ዘልዬ ተነሳሁ። ከዚያ አስነሳሁት። ሞተ። ደግሜ አስነሳሁት። ሞተ። እንደ ማቀዝቀዣ ሆኖ ሙቀት የሚልከው መሞከሪያ የመጀመሪያውን ቁጥር እንደላከ ወዲያው ድርግም።

ከጎረቤት ግንበኞች ድንጋይ ይጠርባሉ። ሦስተኛ ፎቅ እያወጡ ነው። ራሴን አመመኝ።

ጥቅምት 22፣ ሐሙስ። ጠዋት 5

ሦስት ቀን ሙሉ አንድ መስመር ወደፊት አልሄድኩም። ላይብረሪውን ጠረጠርኩ፤ ደህና ነው። ኮምፒውተሩን ጠረጠርኩ፤ ደህና ነው።

ዛሬ ጠዋት አንድ ነገር ታየኝ፣ ደብተሬ። ኮድ አማርኛ አይደለም። እንግሊዝኛም አይደለም። ለጃማ ከልጅነት ቋንቋው ቀጥሎ የሚቀርበው ቋንቋ ነው። ምናልባት ኮዱ አልጠፋበት ይሆናል።  ትራስ ደግፌ አስቀመጥኩት፣ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አደረግኩለት፣ የራሱን ፋይል ከፈትኩ። ራሱ የጻፈውን።

ለረጅም ጊዜ አየው።  ጣቱን አንስቶ ስክሪኑ ላይ አሳረፈው። እዚህ ነው? አልኩ፤ እዚህ ነው ስሕተቱ? ጣቱን አንሸራተተ። አቧራ ነበር። አቧራውን ጠረገው። ከዚያ ላፕቶፑን በቀስታ ከደነውና ወደኔ ገፋው፣ የሰው ዕቃ እንደሚመልስ ሰው።

አላለቀስኩም። ዕቃ አጠብኩ።

ጥቅምት 25፣ እሑድ። ከሰዓት 10

ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ከበሩ ላይ የወንድ ሳቅ ሰማሁ። እንግዳ መጣ ብዬ ነጠላዬን አስተካከልኩ። ጃማ ነው! ከወደቀ ጀምሮ ያልሰማሁት ሳቅ። ሮጬ ገባሁ። ሳቁ ቆመ። አንገቱን ደፋ።

አለምነሽ ከሆዮ ጎን ተቀምጣለች። አለምነሽ እዚህ ኮድቡር ሰፈር ከኛ ቀጥሎ ያለው ቤት ሠራተኛ ናት፤ የጎጃም ልጅ፣ አሥር ዓመት የቆየች፣ ሶማሊኛዋ እንደ ውሃ። ከሰል ልትበደር መጥታ ነው። ምን አስቆት ነው ብዬ ለብቻዋ ጠየቅኳት።

ስለ ስደቱ ነው አለች። የሸሹ ቀን ጫማው ጠፍቶ እናቱ የእህቱን ቀይ ጫማ አጥልቃለት፣ የሴት ጫማ አላደርግም እያለ እያለቀሰ ድንበር ድረስ ሄደ አሉ። ሲደርሱ ግን ጫማዬ ነው ብሎ ለእህቱ አልመልስም አለ። ቃል በቃል እየለቀመ ነው የሚያወራው፣ እናቱ ስትደግፈው፤ ነገሩ ግን ሙሉ ነው አለች።

አምስት ዓመት ከተጋባን። ስለዚያ መንገድ ስጠይቀው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ ሄድን፣ ደረስን። ቀይ ጫማ አልነበረበትም።

ጥቅምት 26፣ ሰኞ። ጠዋት 4

አገኘሁት። ቀላል ነገር። ጃማ በሱ ፋይል አናት ላይ ላይብረሪውን ለማሳነስ አንድ የማያስፈልገንን ነገር የሚያጠፋ መስመር ጽፏል። እኔ በጻፍኩት ፋይል አናት ላይ ያ መስመር የለም። ስለዚህ የኔ ፋይል ሁለት ነገር ይልካል፣ ላይብረሪው የሚጠብቀው አንድ ነው። ኮምፓይለሩ ሁለቱን ፋይሎች ለየብቻ ስለሚያያቸው ዝም ይላል። ስናስነሳው ነው የሚፈነዳው። መስመሩ በሁሉም ፋይል ላይ አንድ ዓይነት መሆን ነበረበት። የላይብረሪው ማብራሪያ ላይም ተጽፏል፤ ዘልዬው ነው።

ጨመርኩት። አስነሳሁት። አንድ ሰዓት ሆነው። አልሞተም።

ጥቅምት 29፣ ሐሙስ። ቀትር

ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ያለው ክሊኒክ ሄድኩ። ጃማ የወደቀበት ነው። ጣሪያውን አላየሁም። አንገቴን ደፍቼ ገባሁ።

ፕሮግራሙን በፍላሽ ገለበጥኩ፣ አስነሳሁ። ነርሷ እንዲሞቅ የባዶውን ማቀዝቀዣ በር ከፍታ ቆመች። ኢ/ር ፋራህ ሰዓቱን ያያል። እኔ የምጠብቀው ፕሮግራሙ መሞቱን ነው። ከዚያ ነርሷ ኪስ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። ጮቤ ረገጠች! አቅፋኝ አንድ ነገር ደጋግማ አለች፤ አልገባኝም፣ ግን ገባኝ። ለኢ/ር ፋራህ እውነቱን ነገርኩት፤ ጃማ አይሠራም፣ እኔ ነኝ አልኩ። ካወቅኩ ቆይቻለሁ አለኝ። የቀሩትን አምስት ክሊኒኮችም ሥሪ አለ።

ባጃጅ ውስጥ ስልኬን አወጣሁ። ሠራ! ብዬ የምደውልለት አንድ ሰው ነበር። የሱ ስልክ ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ተዘግቶ።

ጥቅምት 30፣ ዓርብ። ከሰዓት 9

ዛሬ ነገርኩት። ሁሉንም፣ በአማርኛ፣ ከመጀመሪያው። መስመሩን፣ ነርሷን፣ ስልኩን። ያንተ ሐሳብ ሠራ አልኩት። ወለሉን ያያል። ገባህ? አልኩ።  ገባህ ወይ ጃማ፣ ዝም ብለህ ራስህን ነቅንቅ! ጮኽኩበት። አላህ ይቅር ይበለኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

አለምነሽ ከውጭ ሰምታ ገባች፤ ጎትታ ግቢ አወጣችኝ። "እህቴ፣ አትቆጪኝና ልንገርሽ" አለች። "አንቺ ሳትኖሪ ቀኑን ሙሉ ለመናገር ሲሞክር ነው የሚውለው። የበሩ ድምፅ ሲሰማ ነው አፉን የሚዘጋው።"

ኅዳር 1፣ ቅዳሜ። ጠዋት 3

ሆዮ አለምነሽን ጠርታ አስቀመጠቻት። የሚነገር ነገር አለ ማለት ነው። ጃማን ገቢሌይ ከተማ፣ እሷ ቤት ልትወስደው ትፈልጋለች። እህቶቹ አሉ፣ ጎረቤት አለ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያወራው ሰው አለ።

ባሌ ነው አልኩ። አለምነሽ ተርጉማ የሆዮን መልስ አመጣች፦ "ባልሽ ነው። ማን እንቢ አለ? እኔ ጋ ግን ልጅ ነው፤ ልጅ ቢሳሳት አያፍርም። አንቺ ጋ ባል መሆን አለበት። አሁን አቅም የለውም።"

አብሬ እሄዳለሁ አልኩ። ሆዮ አንድ ነገር አለቻት። አለምነሽ መሬት መሬት ታያለች። ምን አለች? አልኳት። እሷ አይደለችም አለች፤ እሱ ነው የጠየቀው። ውሰጂኝ ብሏል። ዘይነባ ገና አትምጣ፣ እንዲህ ሆኜ አትየኝ ብሏል።

ስሜን ብሏል? አልኩ። ጮክ ብዬ። አለምነሽ፣ አይ፣ ሚስቴ ነው ያለው አለች።

ከሰዓት 8

ተናድጄ ዋልኩ። በሆዮ፣ በሱ፣ በዶ/ሩ፣ በዚች ከተማ። ከዚያ ሠላሳውን ቃል የጻፍኩበትን ወረቀት አየሁት። አጠገባቸው ምልክት አድርጌ ነበር፣ እንደ አስተማሪ፤ ሠላሳውም ላይ ኤክስ። ወረቀቱ ሁልጊዜ ትራሱ አጠገብ ነበር። ሁልጊዜ ያየዋል። ሠላሳ ኤክስ። በየቀኑ ሁለቴ።

ይሂድ።

ኅዳር 3፣ ሰኞ። ጠዋት 4

ሄደ።

ፍራሹን መኪናው ላይ ጫንን። ልብሱን አጣጠፍኩ፣ መድኃኒቱን በፌስታል አድርጌ ለሆዮ ሰዓቱን በጣቴ አሳየኋት። ሆዮ ግንባሬን ስማ ዱዓ አደረገችልኝ። ጃማን ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥነው። ቀበቶውን ሳስርለት በግራ እጁ አንጓዬን ያዘኝ።

ተናገረ። ለኔ። ዓይኔን እያየ። በሶማሊኛ፣ አንድ ቃል፣ ከዚያ ቆም፣ ከዚያ አንድ ቃል። ረጅም ነበር። ሁለት ጊዜ ተሳስቶ ከመጀመሪያው ጀመረ። አላፈረም። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋለት። ከሁሉም ውስጥ የገባኝ ሁለት ቃል ነው፤ ቤት የሚለውና እጅ የሚለው። ሲጨርስ ፊቴን አየ፣ ይጠብቃል። እሺ አልኩት። በአማርኛ። ሌላ ምን እላለሁ? እጄን ለቀቀኝ።

አለምነሽ ልትተረጉምልኝ አፏን ስትከፍት በመዳፌ ያዝኩት። መኪናው ከመታጠፊያው ሳይደርስ ወደ ቤት ሮጥኩ፣ ሳይጠፋብኝ። እንደሰማሁት፣ ድምፁን ብቻ፣ በፊደል ጻፍኩት። በዚህ ገጽ ጀርባ ነው። አንዳንዱ ቃል የት እንደሚጀምር አላውቅም፤ ያቆመበት ቦታ ላይ ሰረዝ አድርጌያለሁ።

አለምነሽ ተከትላኝ ገብታ በሩ ላይ ቆማለች። ሶማሊኛ አስተምሪኝ አልኳት። የገበያውን አይደለም፣ ሙሉውን። ከዛሬ ጀምሮ። እሺ፣ እግዜር ይርዳን አለች፤ በይ አምጪውና ከሱ እንጀምር፣ ምን እንዳለሽ እኔ ልንገርሽ አለችኝ።

ደብተሩን ዘጋሁት። እሱን አይሆንም አልኳት። እሱን ራሴ ነኝ የማነበው።