ለግራ እግር የተሠራች ጣውላ

ይድረስ ለምወድዎትና ለምሳሳልዎት አባቴ፣

እንዴት ከርመዋል? መሪ ጨብጠው ሲውሉ የሚነሣብዎት የወገብ ቁርጥማት ተወዎት ወይ? የእማዬ ዓይንስ እንዴት ነው? ታናሼ መንጃ ፈቃዷን አወጣች ወይስ አሁንም ቀጠሮ ላይ ናት? እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው ደብዳቤዎ አሮጌው መኪናዎ አሁንም ፍሪሲዮን እየበላ እንዳስቸገረዎት፣ የዛሬ ዘመን የፍሪሲዮን ሸራ ካርቶን መሆኑን፣ ሻጩንም ዳግመኛ ሰላም እንደማይሉት ጽፈውልኛል። በዚህ ነገር የምነግርዎት አለኝና እባክዎ ረጋ ብለው ያንብቡት።

እዚህ ድርጅት ስገባ ስድስት ዓመት የነዳሁ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ሃያ ሁለት የጭነት መኪና አለን። የራሳችን ስላልሆኑ ነው መሰል ብዙዎቻችን አናዝንላቸውም። አንዱ ባልደረባዬ የሙቀት መብራቱ ቀይ ሲሆንበት በኮፍያው ሸፍኖ ነዳው፤ ሞተሩ ተቀቅሎ ጋራዥ ደረሰ። ሌላው የእጅ ፍሬን ሳያወርድ ግማሽ መንገድ ሄዶ፣ ዛሬ ጭነቱ ከብዷል ብሎ ጫኞቹን ተቆጣ።

ይህን ሁሉ ጉድ የምታክመው የጋራዡ ኃላፊ ናት። ብሎን እንላታለን፤ አጭር ናት፣ አንዴ ከያዘች ደግሞ አትለቅም። በዕድሜ እበልጣታለሁ። መኪና በበሩ ሲገባ ከወንበሯ ሳትነሣ በድምፁ ብቻ ሕመሙን ትናገራለች። በእሷ ጋራዥ ሹፌር በራሱ ጥፋት መኪና ካበላሸ፣ ጥገናው እስኪያልቅ አጠገቧ ቆሞ መፍቻ ያቀብላል። አትሳደብም፤ የተበላሸውን ዕቃ በእጁ ታስይዘዋለች። ባለ ኮፍያው የተጣመመውን የሞተር ክዳን ታቅፎ ግማሽ ቀን ከቆመ ወዲህ፣ ከሁላችን ቀድሞ ውሃና ዘይት የሚያየው እሱ ሆኗል።

የኔ ጥፋት ግን መብራትም ድምፅም የለውም። በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ፍሪሲዮን አቃጠልኩ። ሦስተኛው የሹፌር ጥፋት ከሆነ ቁልፍ አስረክቦ ጫኝና አውራጅ መሆን ነው፤ የድርጅቱ ደንብ እንዲህ ይላል። አባዬ፣ ከመንዳት ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። እኔም እንደርስዎ ሸራው ካርቶን ነው ብዬ ተከራከርኩ። ብሎን የተቃጠለውን ሸራ አስያዘችኝ። አዲሱን ገጥማ ስትጨርስ ጋቢና ገብታ አጠገቤ ተቀመጠችና ንዳ አለችኝ። ግቢውን ሁለቴ ዞርን። አንድም ጊዜ መንገዱን አላየችም፤ የምታየው ግራ እግሬን ነበር።

እግርህን ለምን የፍሪሲዮኑ መርገጫ ላይ ታስተኛዋለህ አለችኝ። ለጥንቃቄ ማሳረፌ እንጂ መርገጤ እንዳልሆነ ነገርኳት። ሸራውን ቀኑን ሙሉ እያፋተገ የሚጨርሰው ያው ማሳረፍህ ነው አለችኝ። ማን አስተማረህ ስትለኝ፣ ማንም፣ በራሴ ለምጄው ነው አልኳት። ይህ ውሸት ነው። ገና በአሥራ ሰባት ዓመቴ መሪ አስጨብጠው፣ ግራ እግርህ ከፍሪሲዮኑ እንዳይነሣ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ስምዎ በሰው ጋራዥ በክፉ እንዲነሣ አልፈለግሁም።

ሪፖርቱ ላይ አልዋሸችልኝም፤ ጥፋቱ የሹፌሩ ነው ብላ ጻፈች። ከሥሩ ግን ሁለት ወር ስጡት፣ ካልታረመ ቁልፉን ራሴ ተቀብዬ አመጣለሁ ብላ ፈረመች። ከዚያ ከአሮጌ ሳጥን ጣውላ ቆርጣ፣ የጎማ ቁራጭ መትታበት፣ ከፍሪሲዮኑ በስተግራ ወለሉ ላይ አሰረችልኝ። የእግርህ ወንበር ናት አለችኝ። በመጀመሪያው ሳምንት እግሬ ቤቱን እንደለመደ በግ ወደ ድሮ ቦታው እየሄደ አስቸግሮኝ ነበር።

ትናንት ሁለት ወሩ ሞላ። ሥራ አስኪያጁ ባለበት ካምቢዮውን አስወርዳ ሸራውን አወጣች። አዲስ ለመባል ምንም አልቀረውም። ቁልፉ እኔው ኪስ ቀረ። እኔ እንባዬ መጣ፤ እሷ እጇን ታጥባ ምሳዋን ልትበላ ሄደች። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ልወጣ ስል ጠርታ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ። ሌላ ጣውላ ነው። እኔ እኮ አለኝ አልኳት። ይቺ ላስተማረህ ሰው ናት፣ ሰላም በልልኝ ብላኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ለካ ውሸቴን በዚያኑ ዕለት አውቃው ኖሯል። ጣውላዋን ከደብዳቤው ጋር ልኬያታለሁ፤ አይቀየሙኝ። ከርስዎ የተማርኩት ሌላው ሁሉ እስከ ዛሬ አኑሮኛል።

እማዬን ሰላም ይበሉልኝ፤ መካኒኳ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ናትና ከወዲሁ ሌላ ነገር እንዳታስብ። ታናሼን ይሳሙልኝ፤ መንዳት ከማስተማርዎ በፊት ግን ጣውላዋን ይግጠሙ። አክስቴንና ልጆቿን እንዴት ናችሁ ብሏል ይበሉልኝ። ሸራ ሻጩንም፣ አባዬ፣ እባክዎ ሰላም ይበሉት።

ልጅዎ

ከጋራዡ ጀርባ፣ ከሹፌሮች ማደሪያ
ሐሙስ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.