ጥቁሩ ጠጠር ከደጃችን ሲነሳ

ውድ ባለቤቴ፣

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ ተቆጥቼ ነው የምጽፍልህ። በአንተ ልቆጣ ወይስ በሌላ ሰው፣ እሱ ግን እስካሁን አልለየልኝም። ያለህበት ቦታ ፖስተኛ እንደማይደርስ አውቃለሁ። ቢሆንም ይህን ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው እኔው ብነግርህ ይሻላል።

የባትሪ ፋብሪካችሁ ፈረሰ። ዕድሜህን ሙሉ አሮጌ ባትሪ ስታቀልጥ የኖርክበት ምድጃ እንኳ የለም። ቦታው ለሰፈሩ ሜዳና ጤና ጣቢያ ሊሆን ነው ተባለ፤ በመጀመሪያ ግን አፈሩ ተመርዟል ብለው ነጭ ቱታ የለበሱ ሰዎች እየቆፈሩ፣ ሸራ እያለበሱ በመኪና ማጋዝ ያዙ። የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ሜዳው በማን ስም ይጠራ ሲባል፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ብድግ ብላ «በአባ ደልድል!» አላለች መሰለህ? ሁሉም አጨበጨበ። እኔማ አለቀስኩ። ሰሌዳው ተጽፎ ተሰቀለ።

ስሙ እንዴት እንደወጣልህ መቼም አትረሳውም። መንገዳችን ክረምት በገባ ቁጥር ጫማ እየነጠቀ የሚያስቀር ጭቃ ነበር። አንተ ከምድጃው ሥር የሚዛቀውን ጥቁር ጠጠር አለቃህን ለምነህ፣ በእረፍት ቀንህ በእጅ ጋሪ እየገፋህ መጀመሪያ የእኛን ደጅ፣ ቀጥሎ የልብስ ሰፊዋን፣ ከዚያ ሽቅብ እስከ ዳገቱ የሁሉንም ደለደልክ። ማታ ወገብህን እያሸሁ ስጨቀጭቅህ «ዝም በይ አንቺ ሴትዮ፤ ጎረቤት ጭቃ እየረገጠ እኔን እንቅልፍ ይወስደኛል?» ትለኝ ነበር። እውነትህን ነው፣ አይወስድህም ነበር።

አፈር የምትመረምረው ልጅ መሣሪያዋን ይዛ የፋብሪካውን አጥር ስትዞር፣ ጥቁሩን ጠጠር ከበሩ ውጭ አየችው። እሱን እየተከተለች እኛ ደጅ ደረሰች። መሣሪያውን መሬቱ ላይ ደገነች፤ አየችው፤ ደግማ ደገነች።

«እማማ፣ እዚህ ልጆች ይጫወታሉ?» አለችኝ።

ለካ ከፋብሪካው ግቢ ይልቅ በእኔ ወጥ ቤት ደፍ ላይ ያለው መርዝ ይበልጣል። ሊድ ይሉታል፣ ከባትሪው ውስጥ የሚወጣው እርሳስ ነው። የልጅ አእምሮ ያዘገያል አለችኝ። ፅንስም አያጸናም አለችኝ።

እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ፅንስ አልጸና ባለኝ ቁጥር እናትህ «የሷ ማህፀን ነው» እያለች የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ስታደርግ፣ እኔም አምኜላት አንገቴን ደፍቼ ኖርኩ። አንተ አንድም ቀን አልወቀስከኝም፤ እሱን አልክድህም። ግን ልጆቻችንን ያጣነው በዚያ በምትኮራበት ደጅ ሳይሆን አይቀርም። ይኸው፣ ነገርኩህ።

ስብሰባ ተጠራ። መሐንዲሱ «ጠጠሩን ወደ ሰፈር ያመጣው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ጎርፍ ከሆነ የምንቆፍረው ቦዩ ዳር ያሉትን ቤቶች ብቻ ነው። ሰው አምጥቶት ከሆነ ግን የተነጠፈበትን ሁሉ ፈልገን ማንሳት አለብን።»

ልብስ ሰፊዋ ቀድማ «ጎርፍ ነው» አለች። «ጎርፍ ነው! ጎርፍ ነው!» አሉ ሁሉም። የዳገቱ ሰዎችም ሳይቀሩ፣ ጎርፍ ሽቅብ የሚወጣ ይመስል! እነሱ ጋ ያለው ጠጠር አፈርና ሣር ለብሶ አይታይም። ላንተ ስም ብለው ነው፣ ገብቶኛል። ልብስ ሰፊዋም እጄን ጨምቃ ይዛ «እትዬ፣ አፈር ስሆን ዝም በይ። የጋሼ ስም እኮ ነው» አለችኝ በጆሮዬ።

ዳገቱ ላይ ግን አራስ አለች። ልጇ ነገ ተነገ ወዲያ ዳዴ ይላል። ምን ላድርግ? ተነሳሁ።

«ጎርፍ አይደለም» አልኩ። «ባለቤቴ ነው።»

መርማሪዋን ይዤ ወጣሁና ያነጠፍክበትን ደጅ በሙሉ አንድ በአንድ አሳየኋት። አንዳንዱ በሩን ከፈተልን፣ አንዳንዱ ፊቱን አዞረብኝ። ሰሌዳውም ወረደ። ማን እንዳወረደው አልጠየቅኩም።

የእኛን ደጅ ሊቆፍሩ ከመጡት አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሹፌሩ! የልብስ ሰፊዋ ልጅ፣ ፊደል አልገባ ብሎት «ሰነፍ» እየተባለ ያደገው። አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል። ሲዝቅ ቆይቶ ጭምብሉን አወለቀና «እትዬ፣ ሹፌር ብለው ስም ያወጡልኝ ጋሼ ናቸው አይደል?» አለኝ።

«አዎ፣ የኔ ልጅ።»

«ጋሪው ላይ፣ ከጠጠሩ በላይ ያስቀምጡኝና ‹ንዳው!› ይሉኝ ነበር። አፌም እጄም ጥቁር ሆኖ ስገባ እማዬ ትገርፈኝ ነበር። ግን በሕይወቴ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።»

ጭምብሉን መልሶ አጠለቀና መቆፈሩን ቀጠለ። ይወቅ አይወቅ እንጃ። እኔም አልጠየቅኩትም። እናቱ ግን አውቃለች። ስብሰባው ላይ ያንን ሁሉ ስትልልህ፣ መርዙ ልጅን ምን እንደሚያደርግ ገና አልሰማችም ነበር። ከሰማች ወዲህ ደጄን አልረገጠችም። የስፌት መኪናዋ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል፤ እኔ ሳስል ቀጥ ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ይቀጥላል።

ጥቁሩ ጠጠር ተነስቶ አልቋል። በምትኩ የሚደለደለውን ንጹሕ አፈር ሳያመጡልን ዝናቡ ቀደማቸው። ደጃችን ልክ እንደተጋባን ሰሞን ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ ትናንት አንድ እግር ጫማዬን ነጥቆ አስቀረብኝ። አውቅሃለሁ፣ ይህን ስትሰማ ተነስተህ ጋሪህን ልትፈልግ ነው።

እባክህ፣ አትነሳብኝ። ጭቃውን እችለዋለሁ። አንተ ተኛ።

እስክመጣ ድረስ፣
ሚስትህ